የአባባ ሦስት መቶ አርባ የአፕል ችግኞች

ይድረስ ለወንድሜ ለዕንባቆም አበራ፤ ጆሃንስበርግ።

እንዴት ሰንብተሃል? ሥራው፣ ጤናው እንዴት ይዞሃል? እዚያ ብርዱ ከርሯል መባሉን ከሰማች ወዲህ እማዬ ስለ ደረትህ ሐሳብ ይዟታል። ማራኪስ በረታች ወይ? ልጃችሁ ቲቶ ቆሞ መሄድ ጀመረ? እኛ በጌታ ቸርነት በሕይወት አለን፤ ቤታችን ሰላም ነው ብዬ ግን አልዋሽህም። ነገሩ በሌላ ሰው አፍ ተጣሞ ሳይደርስህ እኔው ልንገርህ።

አባባ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በጓሮ የያዙትን የአፕል ችግኝ ታውቃለህ። በገዛ ቢላቸው ቅርንጫፍ ከግንድ እያዳቀሉ ዘንድሮ ሦስት መቶ አርባ አድርሰውት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ተነሥተው፣ «ሐምሌ አምስት ቅዳሜ ኑና በነፃ ውሰዱ» ብለው ለምእመኑ ተናገሩ።

በዚያው ሳምንት አረም ስነቅል የአንዱ ችግኝ ሥር አንገቱ ላይ አብጦ አየሁ። አብሮኝ ግብርና ለተማረው ለሊሻን፣ ሆሳዕና ላቦራቶሪ ለሚሠራው፣ ወስጄ ሰጠሁት። ሐሙስ ደወለልኝ። «አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ በቢላና በዶማ ቁስል ይገባል» አለኝ። ክፋቱ የተሸከመው ነገር ላይ ነው፤ ፕላዝሚድ የሚሉት፣ ከዋናው ዘረመል የተለየ ትንሽ የዘረመል ቀለበት። ከእሱ ላይ ቆርሶ ተክሉ ሕዋስ ውስጥ ያስገባል፤ ከዚያ ወዲያ ባክቴሪያው ቢሞት እንኳ ተክሉ ራሱ እባጩን ያሳድገዋል። ፕላዝሚዱን ለሌለው ጎረቤት ባክቴሪያም ሊያካፍል ይችላል። እባጭ የሌላቸውን እናትርፍ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «ያልታየው ነው የሚያስፈራኝ፤ ሁሉንም አቃጥሉ» አለኝ።

ለአባባ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «አርባ ዓመት አፈር ቆፍሬ፣ አንቺ በማጉያ መስታወት አየሁ ብለሽ ታስተምሪኛለሽ? ቃሌን ሰጥቻለሁ!» አሉ። እማዬ መሐላችን ቆማ አለቀሰች።

ቅዳሜ ማለዳ ሰዉ ጆንያና አህያ ይዞ በራችን ላይ ሞላ። አባባ የመጀመሪያውን ችግኝ ነቅለው ለጎረቤታችን ለወልደሰንበት ሊሰጡ እጃቸውን ሲዘረጉ መሐል ገባሁ። «አትውሰዱ፤ ታሟል! ማሳችሁ ከገባ አፈሩ ለዓመታት ለአፕል አይሆንም» አልኩ። አንዱ «አባትሽን በሰው ፊት ታዋርጃለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። ችግኙን ከአባባ እጅ ወስጄ ሥሩን በባልዲ ውሃ አጠብኩት። ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሰዉ ሳቀ። ሁለተኛውም ንጹሕ። ዕንባቆም፣ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሦስተኛው ላይ ግን የሕፃን ቡጢ የሚያህል እባጭ ወጣ። አራተኛውም ላይ እንዲሁ። ወልደሰንበት ባዶ ጆንያውን አጥፎ መንገድ ጀመረ፤ ሌላውም ተከተለው። አባባ ቤት ገቡ።

ሰኞ ብቻቸውን ነቅለው፣ ከምረው አቃጠሉት። ልረዳ ብጠጋ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ከዚያ ወዲህ ምግብ አቀርባለሁ፣ ይበላሉ፤ ቃል ግን የለም። ለካ ሰኔ ላይ አንጋጫ ላለችው አክስታችን ለፀሐይ ሃያ ችግኝ ልከውላት ኖሯል። ይህን የነገረችኝ እማዬ ናት። ሄጄ ልንቀል ስላት፣ «ተዪ፣ አባትሽ ያውቃል» አለችኝ።

ዛሬ ሲነጋ አባባ ዶማቸውን ይዘው ወጡ፤ የት እንደሚሄዱ አልተናገሩም። ይህን ስጽፍልህ፣ አሁን፣ በዝናብ ርሰው ጆንያ ተሸክመው ገቡ። ጆንያውን እግሬ ሥር አስቀመጡና፣ «አሥራ ዘጠኝ ነው። አንዱን ፀሐይ ለሰው ሰጥታዋለች፤ ለማን እንደሆነ አላስታወሰችም። ነገ ልንፈልገው አብረሽኝ ትሄጃለሽ፤ አንቺ ስታስረጂ ይገባቸዋል» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

እማዬ ደረትህን ሸፍን ትልሃለች። አባባ «ሰላም በዪው» ብለዋል። ታናሻችን ርብቃ የስምንተኛ ክፍል ውጤት እየጠበቀች ነው፤ ጸልዩላት። ማራኪን በእኔ ስም እቀፋት፤ ቲቶን ሁለቱን ጉንጩን ሳምልኝ።

እህትህ ጵርስቅላ አበራ
ፎንቆ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.