ከገመዱ ወዲያ ያለው ሥዕል

ቢቸና፣ ሚያዝያ ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለታዘበው፤ የመርጡለ ማርያሟ እመቤት በሰው አገር ጥላ ትሁንህ። እኔ ጉልበቴ ቢደክምም አለሁ። ዝናቡ ዘግይቷል፤ ላሚቱም ነጥፋለች። ይህን በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ ስለምልከው ሆዴን ላጫውትህ።

ይህን የምትጽፍልኝ እኅትህ ማናለሽ ሞጣ የተከፈተውን ሙዚየም ልታሳየኝ ወሰደችኝ። በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ጠባቂው ሣቀብኝ። ስገባ አባትህ የሣሉት፣ ቀበሌ ከቤታችን የወሰደው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከገመድ ወዲያ ተሰቅሏል። ፈረሱ የራሳችን ዳማ ነው። ልሳለመው ጎንበስ ስል "እማማ፣ መንካት ክልክል ነው!" ተባልሁ። ከሥሩ የተጻፈውን ማናለሽ ስታነብልኝ "ሠዓሊው አልታወቀም" ይላል። ባሌ ናቸው ልል አፌን ስከፍት እጄን ጨመቀችኝ። ለአንድ ቀን ጥያቄ ተብለው ከተወሰዱ ወዲህ ስማቸውን መጥራት ያስፈራል። ጎረቤቱ ተዝካራቸውን አውጪ ይለኛል። ሬሳቸውን ሳላይ እንዴት አድርጌ?

ብርድ እንዳይመታህ ደርበህ ልበስ። አንተም እዚያ ሙዚየም እንደምትገባ ጽፈህልኝ ነበር። ሠሪው አልታወቀም የተባለ ሥዕል ስታይ እባክህ ቆም በልለት። ብቻ ነፍስ ይማር እንዳትል፤ ለቤቱ ያብቃው በል።

እናትህ ወለተ ኢየሱስ