ጉልበትንና ስኳርን ለለያየው ግድግዳ ባለቤት

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ጉልበትዎና ስኳርዎ በአንድ ሰውነት ውስጥ ተስማምተው እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ፤ በእርስዎ ሆስፒታል ውስጥ ሁለቱ ከተኳረፉ ቆይተዋልና።

የምጽፍልዎ ስለ ባለቤቴ ነው። ዕድሜዋን በልብስ ስፌት መኪና ፔዳል ላይ የፈጀች ሴት ናት። ስኳርና ግፊት አለባት፤ ክብደት ጨምራለች፤ የጉልበቷም ልም አጥንት ተበልቷል። ቅሬታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ የጉልበቱ ሐኪም ብዙ እንዳትራመድ፣ የስኳሩ ሐኪም ደግሞ ጠዋት ማታ እንድትራመድ በአንድ ቀን አዘዟት። ሁለት የተማሩ ሰዎችን ማስቀየም ነውር ስለሆነ፣ ሳትሄድም ሳትቀመጥም ደጃፋችን ላይ ቆማ ቀረች።

ሁለተኛ፦ የስብና የስኳር መብዛት መገጣጠሚያን የሚያቆጣ ብግነት እንደሚያባብስ፣ የታመመ ጉልበትም በተራው ሰውን አስቀምጦ ስኳሩን እንደሚያንር አንብቤ፣ የጉልበቱን ሐኪም ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ስኳር እዚያ ማዶ ነው» ብለው ግድግዳውን በጣታቸው አሳዩኝ። አቅጣጫ ስላመላከቱኝ አመሰግናለሁ፤ ባለቤቴ ግን ስኳሯን ደጅ አስቀምጣ መግባት አልቻለችበትም።

ሦስተኛው ተራ ቁጥር የሚበቃው አይደለም። ባለፈው ወር ለጉልበቷ ማስታገሻ መርፌ ተወጋች፤ በማግሥቱ ስኳሯ ጣራ ነካ። የስኳሩ ሐኪም በወረፋተኛው ሁሉ ፊት፣ ጣፋጭ ደብቃ እየበላች እንደምትዋሽ ነገሯት። አብራን የነበረችው ልጃችን ቤት ስንገባ የእናቷን ቁም ሳጥን በረበረች፤ ከክርና ከአዝራር በቀር ያገኘችው የለም። መርፌው ራሱ ለጥቂት ቀናት ስኳር እንደሚያንር የነገሩን፣ ቆይተው፣ የጉልበት ክፍሉ ነርስ ናቸው፤ የስኳር ክፍሉ የነገረን መስሏቸው ነበር። የስኳር ክፍሉን ብጠይቅ፣ የጉልበት ክፍሉ የነገረን መስሏቸው ነበር። በመካከላችሁ ላለው ለዚህ ሁሉ መተማመን ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ባለቤቴ ግን፣ ውሸታም ተብዬ አልታከምም ብላ ቤት ተቀምጣለች። መድኃኒቷ ሊያልቅ ነው፤ ግድግዳ ተደግፋ ትሄዳለች፤ እኔ ብለምናት አልሰማ ብላለች፤ በእልኸኝነት ከእኔ የምትብስ እሷ ብቻ ናት። ካሳ አልጠይቅም። የስኳሩ ሐኪም በሰው ፊት እንዳዋረዷት በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቋት፤ ከዚያ ሁለቱ ሐኪሞች አንድ ላይ ተቀምጠው ይዩአት። እሷ መምጣት ስለማትችል፣ ጤነኛ ጉልበት ያላቸው የስኳሩ ሐኪም ለይቅርታው ቤታችን ድረስ ይምጡ፤ ወረፋተኛውን እኔ እጠራለሁ።

የኮሪደርዎን አግዳሚ ወንበር በመቀመጥ ብዛት ያለሰለስኩ፣ ጉልበቴ ቢታጠፍም ቃሌ የማይታጠፍ፣
አክባሪዎ የልብስ ሰፊዋ ባል

ማሳሰቢያ፦ ግድግዳው ድምፅ አያሳልፍም እንዳይሉኝ። የጉልበቱ ሐኪም ሲያስነጥሱ ከስኳሩ ክፍል «ይማርዎ!» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ባለቤቴን ምናልባት ተመልሳ ከመጣች፣ ማቃሰቱን ትታ እንድታስነጥስ መክሬአታለሁ።