ሎሚ ያሽትቱ!

ወዳጄ ፈቀደ፣

በካርዱ ፎቶ እንዳትታለል፤ ፒያሳ ሱፍ ለብሶ ሰው ሲሞት ከብቦ የሚያይ ሰፈር ነው። ትናንት ኬክ ቤት በር ላይ አንድ ሽማግሌ ወድቀው ትንፋሻቸው ቆመ። ወሊሶ ቢሆን ተሸክመን እንሮጥ ነበር። እዚህ ግን አንዱ «ሎሚ ያሽትቱ!» ይላል፤ አንዱ ጅል ክብሪት ጭሮ አፍንጫቸው ሥር ይዞ ጣቱ እስኪቃጠል ይጠብቃል፤ ካኪ የለበሰ ካድሬ ደግሞ «ጓዶች፣ የሚመለከተው አካል ሳይመጣ እንዳትነኳቸው!» እያለ ያዛል።

ከሪማ የሚሏት ሎሚ ሻጭ ቅርጫቷን ጥላ ተንበረከከችና ደረታቸውን በሁለት እጇ ደጋግማ ትጫን ጀመር።

«ተምረሻል?» አላት ካድሬው።

«አልተማርኩም! ከሞቱ በላይ ምን አደርጋቸዋለሁ?»

ሎሚዋ በሰው እግር ተረጋግጦ ሲያልቅ ሽማግሌው አቃሰቱ፤ ዓይናቸውንም ገለጡ። ያ ሁሉ የቆመ ግንድ እሱ ያዳናቸው ይመስል አጨበጨበ።

ካርዱ ሞላ። እትዬ አሰፋችን ሳምልኝ፤ ልጆቹም ደህና ይሁኑ። ስመለስ ጣቴን ምን እንደነካው ስትጠይቀኝ ከምዋሽ አንተው ንገራት፦ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልብን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሎ ያስተማረው የባዮሎጂ መምህር፣ ያ ክብሪት የያዘው ጅል፣ እኔ ነበርኩ።

ሀብተሥላሴ