ድምፅሽ እስኪዘጋ አልቅሺ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 25 ቀን 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ የሺመቤት፣ እንፍራንዝ

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ጤፉ ተሰበሰበ ወይስ ዘንድሮም ሰው ጠፍቶ ማሳ ላይ ቀረ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትደንግጪ። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ስለተሰበሩ በግራዬ ነው የምጽፈው። እንዴት እንደተሰበሩ እደርስበታለሁ።

መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ይህን ሲያነቡልሽ ያ የሚያዳምጠው ሳጥን ካለበት ቤት እንዳይሆን አደራ። ወንዝ ወርዳችሁ፣ ውኃው በሚጮህበት ቦታ ያንብቡልሽ። ድሮ "ግድግዳ ጆሮ አለው" ሲባል ተረት ይመስለን ነበር፤ ይኸው መንግሥት በየግድግዳው ጆሮ ሰቀለበት። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ልጅ ጀሊላ ትባላለች፤ የወረታው የጨርቅ ነጋዴ የሙሀመድዘይን ልጅ ናት። ድምፅዋ ሻክሮ ብትሰሚ የታመመች እንዳይመስልሽ። በድካም ያገኘነው ድምፅ ነው።

እማዬ፣ እኔ ታይፒስት አይደለሁም።

የምሠራበት ቤት ምድር ቤቱ ውስጥ ሰው ይገረፍበታል፤ ፎቁ ላይ ደግሞ አንድ መሣሪያ አለ፤ ሰሚ እንለዋለን። የየቤቱ ሳጥን ሽቦ ሁሉ እሱ ዘንድ ይገናኛል። የአንድን ሰው ሦስት ቃል አንድ ጊዜ ከሰማ፣ ያ ሰው የትም አገር ሳጥን አጠገብ አፉን ሲከፍት ስሙን ያወጣዋል። ከዚያ መኪና ይላካል። እኔ የተቀጠርሁት እነዚያን ሦስት ቃላት እንዳመጣ ነው። ገበያ፣ ወፍጮ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እየገባሁ፣ ነጠላዬ ሥር የድምፅ መቅጃ ይዤ ሰው አናግራለሁ። ፊቴን ሰው ያምነዋል። ካንቺ የወረስሁት ፊት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ወንድሜ ስለ ክንዱ። አንቺ የምታውቂው መንግሥት እንደገደለው ብቻ ነው፤ ማን አሳልፎ እንደሰጠው አታውቂም። ሥራ ስገባ ለታማኝነት ማረጋገጫ የቤተሰባችሁን ድምፅ አምጡ ተባልን፤ ሁላችንም አመጣን። ወንድሜ ምን ወንጀል አለበት ብዬ፣ ለፋሲካ ፋሲሎ ሰፈር ያለው ቤቴ መጥቶ ዶሮዬን ቀምሶ፣ "እሌኒ፣ ይህቺ ዶሮ ታርዳ ነው ወይስ አርጅታ ነው የሞተችው?" ብሎ ሲስቅ ቀዳሁት። በድብቅ ሬዲዮ "ተነሡ" እያለ የሚናገረው ሰው እሱ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰሚ ግን አወቀው። ከሣቁ ነው ያወቀው።

የፋብሪካው መንገድ ላይ ደረቱን በስቶ የወጣ ጥይት፣ ደረቱ ላይ የተሰካ "ጠላት" የሚል ወረቀት፣ አስከሬኑ እስከ ቀትር እዚያው ተጋድሞ ዋለ። ከባልደረቦቼ ጋር በአጠገቡ አለፍሁ። ጫማው አንዱ ወልቆ ነበር። "ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽ አልወጣ" የሚባለው ለእኛ ቤት ነው፣ እማዬ። ለጠላት ማልቀስ ያስገድላል ስለተባለ አንቺም ነጠላሽን ነክሰሽ ተቀመጥሽ፤ እኔም ሥራዬን ቀጠልሁ።

አንድ ቀን ግን አልቻልሁም። ሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ ገብቼ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅጥቄ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽሁ። በማግስቱ የቢሮው በር ላይ ስሜን ስናገር ሰሚ "ያልታወቀ ሰው" ብሎ ቀይ መብራት አበራብኝ። አለቃዬ ሻምበል ዳኘው እስኪያስለው ሳቀ። "ለካ ለቅሶ ያደነቁረዋል! ለአዲስ አበባ ጽፌ አስተካክሉት እላቸዋለሁ" አለና ደብተሩ ላይ አሰፈረው። ለማን እንዳለቀስሁ አልጠየቀኝም። ያውቃል።

ከክንዱ ጋር ይሠሩ የነበሩ ዐሥራ አንድ ልጆች ፋሲሎ አንድ መጋዘን ውስጥ ተደብቀው ነበር፤ ከዚያ ለቅሶዬ በኋላ ፈልጌ አገኘኋቸው። ጀሊላ አንዷ ናት። ድምፃቸው ሰሚ ዘንድ ስላለ ከሁለት ወር በላይ በጣት ነው የሚነጋገሩት። ማምለጫው የጎርጎራው ጀልባ ነው፤ ጀልባው ላይ ለመሳፈር ግን ወደቡ ላይ ለሳጥኑ ስም መናገር ግድ ነው። ሰሚ የማያውቀው ድምፅ ከመጣ ደግሞ ከእኛ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አንዱ በራሱ ድምፅ ዋስ ከሆነለት ያልፋል። ስለዚህ ድምፃቸውን መዝጋት ነበረብን። ዐሥራ አንድ ሰው መጋዘን ውስጥ ተደብቆ መጮኽ አይችልም። በግልጥ መጮኽ የሚቻለው ለቅሶ ላይ ነው፤ ለቅሶ የሚፈቀደው ደግሞ ለባለሥልጣን ብቻ ነው። ባለሥልጣን በገዛ ፈቃዱ አይሞትም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ዳኘው ቢሮ ገባሁ። ከቤቱ ሁሉ ሳጥን የሌለበት ክፍል ያ ነው፤ የራሱን ድምፅ አሳምሮ ይፈራ ነበር። ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ የተቀዳ ይሰማል። የማዳመጫውን ገመድ ከኋላው አንገቱ ላይ ሁለቴ ጠመጠምሁበት። ሰው ቶሎ የሚሞት ይመስለኝ ነበር። ወንበሩ ተገለበጠ፣ አብረን ወደቅን፤ እጄን አግኝቶ ሁለት ጣቶቼን ወደ ኋላ ሰበራቸው። ስብራቱን ሰማሁት። ጉልበቴን ጀርባው ላይ ተክዬ በቀረው ጣቴና በክርኔ ጎተትሁ። ፊቱ ጠቆረ፣ ሽንቱ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፣ እግሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ ቆመ። ከማዳመጫው ውስጥ አንዲት የገበያ ሴት ስለ በርበሬዋ ታወራለች። ስለ ለቅሶዬ የጻፈበትን ገጽ ከደብተሩ ቀድጄ፣ አኝኬ ዋጥሁት። ደስ አለኝ ብልሽ ትቀየሚኛለሽ፤ ግን ደስ አለኝ።

ከዚያ እነሱ ሽፍታ የሚሏቸውን የእነ ክንዱን ወረቀት ደረቱ ላይ ሰክቼ፣ መስኮቱን ሰብሬ፣ "ገደሉት! በመስኮት አመለጡ!" ብዬ ጮኽሁ። የተሰበሩት ጣቶቼ መሰከሩልኝ። ጀግና አሉኝ። ታግላለታለች ብለው የለቅሶውን ሥርዐት እኔ እንዳወጣ አዘዙኝ። እኔም ጻፍሁ፦ ለቅሶው ሦስት ቀን ነው፤ ድምፁን የቆጠበ የጠላት ተባባሪ ነው። ሳያነቡ ፈረሙበት።

እማዬ፣ ያንን ለቅሶ ባየሽው። መጀመሪያ ሰው ፈርቶ እየተያየ ነበር። አንዲት ሴት "ወንድሜ ዳኘው!" ብላ ጀመረች፤ ሦስተኛው ጩኸቷ ላይ "ልጄ!" ሆነ። በሰው ለቅሶ የራስን ማልቀስ የኖረ ነው፤ ይህ ከተማ ግን ስንት ጊዜ አምቆ የያዘውን ነው ያወጣው። ደረቱን ይደልቃል፣ ፊቱን ይቧጭራል፣ መሬት ይወድቃል። የዳኘው ስሙ ብቻ ነበር። ሰሚ በዚያ ሁሉ ጩኸት ማንን ከማን ይለይ? ዐሥራ አንዱ ጥቁር ለብሰው መሐል ገብተው አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን መላው ባሕር ዳር ድምፁ ተዘግቶ በሹክሹክታ ያወራ ነበር። እኔ ብቻ አላለቀስሁም። ለዋስነቱ የጠራ ድምፅ ያስፈልግ ነበርና ክንዱን በሆዴ ይዤ ቆምሁ።

እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር እንጂ ከዐሥራ አንዱ ልጆች አንዱ፣ አስማማውም አላለቀሰም። አባቱን የገደለው ዳኘው በገዛ እጁ ነው። ለቅሶው ሊጀመር ሲል "ለደመኛዬ አላለቅስም፤ የአባቴ አጥንት ይፋረደኛል" አለኝ። "አንተ ሰው፣ ለአባትህ አልቅስ፤ ማን ያውቅብሃል?" አልሁት። "ስሙ ሲጠራ እየሰማሁ?" አለኝ። በኋላ ለመንሁት፣ እሺ አለ፤ ለካ ሦስቱን ቀን ከንፈሩን ብቻ ሲያነቃንቅ ነው የከረመው። እኔን ደግሞ በሹክሹክታ እያወራ አታለለኝ።

ዛሬ ጠዋት ወደቡ ላይ ቀድሞ የቀረበው እሱ ነው። የሐሰት ስሙን ተናገረ፤ ሳጥኑ እውነተኛ ስሙን መለሰለት። ዘበኞቹ አንገቱን ያዙት። ዐሥሩ ከኋላው ተሰልፈዋል። አስማማው አየኝ። ምድር ቤት አንድ ቀን ቢያድር የዐሥሩንም ስም ያስወጡት ነበር። ሽጉጤን በግራ እጄ አውጥቼ ግንባሩን መታሁት። ደሙ በጣውላው ክፍተት ወደ ሐይቁ ወረደ። ዘበኞቹ ሰላምታ ሰጡኝ። ከዚያ ዐሥሩ አንድ በአንድ እየሻከሩ ስም ሲናገሩ፣ ሳጥኑ "ያልታወቀ ሰው" ሲል፣ እኔ "በለቅሶው ነው፤ እኔ እሌኒ ዋስ ነኝ" አልሁ። ዐሥር ጊዜ። ጀሊላ መጨረሻ ላይ ደሙን ተሻግራ ገባች። የአስማማውን ነገር በወዲያኛው ዓለም ለአባቱ እንዴት እንደምነግረው አላውቅም።

አሁን ጀልባው እህል እየጫነ ነው፤ እኔ የወደቡ ክፍል ተቀምጬ እጽፋለሁ። ሳጥኑ ከራሴ በላይ አለ፤ ብዕር ግን አይሰማም። አስማማው ውጭ ጆንያ ለብሶ ተኝቷል። ለምን አብረሽ አትሳፈሪም ብላ ጀሊላ አለቀሰችብኝ። ዋስ ከጠፋ ዋስትናው ይፈርሳል፤ ጀልባው ጎርጎራ እስኪደርስ ሁለት ቀን እዚህ መታየት አለብኝ። የዐሥሩን ስም መዝገብ ላይ እስኪፈልጉትና እስኪያጡት ያን ያህል ይፈጅባቸዋል።

የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። የቤተሰብሽን ድምፅ አምጪ ሲሉኝ የሰጠሁት የክንዱን ብቻ አይደለም። ለጥምቀት መጥተሽ "ልጄ፣ ከሳሽብኝ" ያልሽኝን ቀድቼዋለሁ። ድምፅሽ ሰሚ ዘንድ አለ፤ የሠራሁት ሲታወቅ አንቺን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከጀሊላ ጋር ወደ መተማ ውጪ። ኬላው ላይ ሳጥን አለ፤ እዚያ ግን ለማይታወቅ ድምፅ ዋስ አይጠየቅም፤ ከዚያ ወዲያ ሱዳን ነው። ሳጥኑ እንዳያውቅሽ፣ ከመነሣትሽ በፊት ሰው የማይሰማበት ቆላ ወርደሽ ድምፅሽ እስኪዘጋ አልቅሺ። አትፈሪ፤ ክንዱን እስከ ዛሬ አላለቀስሽለትም። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ሣቁን ብቻ እያነሣሽ አልቅሺለት። መንገድ ላይ ድምፅሽ መመለስ ከጀመረ ደግሞ በእኔ ስም ጨምሪበት። ለጥንቃቄ ያህል ነው እንጂ ሌላ አታስቢ።

የጀልባው ጡሩምባ ነፋ። ያሳደገሽ አምላክ በእግርሽ ፊት ይሂድ፤ ያቺን ልጅ እንደ እኔ አድርገሽ ያዣት። በፍየል መንገድ ስትወርዱ ምርኩዝሽን አትርሺ።

ድምፅዋ ያልተዘጋ ልጅሽ፣
እሌኒ