በወንድሜ አስከሬን ላይ ስለተነበበው ሠላሳ አንደኛ ገጽ

ለተከበሩ ጋሽ ወንድምአገኘሁ
የአጥቢያችን የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ
ደሴ

እጅግ የማከብርዎ ጋሽ ወንድምአገኘሁ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ይልቁንም ጉሮሮዎ እንዴት ሆነልዎ? የካቲት አሥራ ሁለት ቀን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ የወንድሜ የአሮን አስከሬን በአጥቢያችን ግቢ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ላይ አርፎ፣ መዘምራኑ ተሰልፈው፣ እናቴ ወለላ በሁለት እህቶች ተደግፋ ቆማ ሳለ፣ እርስዎ መነጽርዎን አድርገው ከፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ አንድ ጥራዝ አወጡ። ከሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ፣ በሩ ላይ ለቆሙት ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዎን ከፍ አድርገው አንድ ዓረፍተ ነገር አነበቡ፦ «ይህን መጽሐፍ የእግዚአብሔር ቃል ነው ብሎ የተቀበለ ሰው ራሱን ከወንጌል አማኞች ኅብረት አውጥቷል።» ቀጥለውም «ይህን ያልነው እኛ አይደለንም፤ የገዛ እህቱ ናት» ብለው፣ ወንድሜ በቤተ ክርስቲያናችን መካነ መቃብር እንደማያርፍ አስታወቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ድምፅዎ ሻክሯል ሲሉ ሰማሁ። ያለ ማይክ ያን ያህል ሰው ማሰማት ቀላል ሥራ አይደለምና ፈጥኖ እንዲሻልዎ እመኛለሁ።

ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነው፤ ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፈው ያንን ለመካድ አይደለም። ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ሔርሜላ ካሳዬ እባላለሁ። ኮምቦልቻ ተወልጄ በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ያደግኩ፣ ደሴ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያጠናሁ፣ አሁን ደግሞ ኮምቦልቻ ታሪክ የማስተምር ነኝ። አሮን በሦስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛም ነበር። አዲስ አበባ ሠርቶ የዛሬ ሁለት ዓመት ሲመለስ፣ ከመፍቻዎቹና ከሽቦዎቹ ጋር ሞርሞኖች የሚባሉት፣ ከአሜሪካ የመጣ የእምነት ቡድን ተከታዮች፣ ቅዱስ ብለው የሚቀበሉትን መጽሐፍ ይዞ መጣ፤ ተጠምቄያለሁም አለን። እናቴ አለቀሰች። እኔ መጽሐፉን ከእጁ ተቀብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ያላነበብኩትን መንቀፍ አልተማርኩምና።

ጉባኤው በተራ ቁጥር ያልቀረበ አቤቱታ እንደማይመለከት ስለማውቅ፣ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን አንድ ላይ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለሰጡኝ አደራ አመሰግናለሁ። ባለፈው መስከረም ቤታችን ድረስ መጥተው፣ «የተማርሽ ልጃችን አንቺ ነሽ፤ የዚህን መጽሐፍ እውነተኛነት መርምረሽ ለወጣቶቹ ማስተማሪያ የሚሆን ጥናት አዘጋጂልን» ሲሉኝ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። አራት ወር ለፋሁበት። መጽሐፉ የጥንት የአሜሪካ ነዋሪዎች በወርቅ ሰሌዳ ላይ ቀርጸው ያኖሩት፣ ከመሬት ውስጥ ወጥቶ በአምላክ ኃይል የተተረጎመ ነው ይባላል። ሰሌዳዎቹን መልአክ መልሶ ወስዷቸዋል ስለሚባል ዛሬ ሊመረምራቸው የሚችል የለም። የታሪክና የቁፋሮ ሊቃውንት በዚያ ዘመን በዚያ ምድር አልነበሩም የሚሏቸው ፈረሶችና የብረት ሰይፎች በገጾቹ ላይ ይመላለሳሉ። ተጻፈበት የተባለው ቋንቋም በምድሪቱ ላይ ዱካ አልተወም። ስለዚህ መጽሐፉ የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ዛሬም፣ ወንድሜን ከቀበርኩ በኋላ፣ የማምነው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ «ልጅቷ ወደ ወንድሟ እምነት ሄደች» ብለው በጉባኤ እንዳይጸልዩልኝ እለምናለሁ። ጊዜዎ ውድ ነው።

ሁለተኛ፣ ሸክሜን ስላቀለሉልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ያስረከብኩት ጥናት አራት ምዕራፍ ነበረው፤ እናንተ ጠርዛችሁ ያወጣችሁት ግን ሦስት ምዕራፍ ብቻ ነው። የቀረው ሦስተኛው፣ መጽሐፉን ስለሚሟገቱለት ምሁራን የጻፍኩት ነው። እነዚህ ሰዎች የዕብራይስጥና የጥንት ግብፅን ቋንቋ የሚያውቁ፣ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ፣ ዕድሜያቸውን ለዚህ ክርክር የሰጡ ናቸው። በመጽሐፉ ታሪክ ባሕር ተሻግረው ወደ አሜሪካ የሚሄዱት ተጓዦች አንድ ሽማግሌ የቀበሩበት ስፍራ ስም፣ የመን ውስጥ በተገኘ የጥንት የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ካለ የነገድ ስም ጋር ይገጥማል ይላሉ። ሐሳብን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት እያጠፈ የሚሄድ የዕብራውያን አነጋገር በመጽሐፉ ውስጥ አለ ይላሉ። ሰሌዳዎቹን አይተናል ብለው ከፈረሙት ሰዎች መካከል ከእምነቱ መሥራች ጋር ተጣልተው የሄዱት እንኳ ምስክርነታቸውን አላነሱም ይላሉ። ፈረስ የተባለውም ምናልባት ሌላ እንስሳ ይሆናል ይላሉ። ለእያንዳንዱ ክርክር መልስ ሰጥቻለሁ፤ የሁለቱ መልሴ ግን ደካማ መሆኑንም እዚያው ጽፌያለሁ። የትምህርት ክፍላችሁ «ምእመናንን ግራ ያጋባል» ብሎ ምዕራፉን አወጣው። ለማውጣት የቸኮለው እጅ የገጹን ቁጥር ለማረም እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ ከአሥራ ዘጠኝ ቀጥሎ ያለው ገጽ ሠላሳ አንድ ነው። የሌላ ሰው መጽሐፍ በሰው እጅ ተሠርቷል ብሎ ለመክሰስ የተነሣ ጉባኤ፣ የክሱን ጽሑፍ ራሱን ቆርጦ ሲያቀርብ ያየሁት ያኔ ነው። ለታሪክ ተማሪ እንዲህ ያለ ማስረጃ በሕይወት አንዴ ቢገኝ ነው፤ ለክፍሌም አስተምርበታለሁ።

ሦስተኛው አቤቱታዬ በራሴ ላይ ነው፤ ይህንንም ጉባኤው ተቀብሎ እንዲመለከተው በትሕትና እጠይቃለሁ።

አሮን ከታኅሣሥ ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በየቅዳሜው ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ቦሩ ሜዳ በሚኒባስ እየሄድኩ፣ ያልተጠናቀቀውን ጽሑፍ ትራሱ ላይ ዘርግተን እንከራከር ነበር። እርስዎ መናፍቅ ያሉት ሰው ምን እንደሚመስል አንድም ቀን መጥተው ስላላዩት ልንገርዎ። ክንዱ ላይ መርፌ ተተክሎ፣ በሌላው እጁ እርሳስ ይዞ የፊደል ግድፈቴን የሚያርም ሰው ነበር። ስለ ፈረሱ ስንጨቃጨቅ ድምፃችን ከፍ ሲል፣ ከጎኑ የተኙት አዛውንት ገበሬ «ልጆች፣ ፈረሱን ተዉትና በበቅሎ ተስማሙ፤ እኛም እንተኛበት» አሉን፤ አሮን ጎኑን እስኪያመው ሳቀ። የቀረው ዓለም ጠፍቷል ብሎ የተወው መጽሐፍ እኛ አገር በግእዝ መትረፉን ያነሣብኝ ነበር። «ፈረንጅ አላየውም ማለት አልነበረም ማለት ነው እንዴ፣ መምህሯ?» ይለኛል። «የእኛ ብራናው አለ፤ ሄደህ ትዳስሰዋለህ። የአንተን ሰሌዳ የት ሄጄ ልዳስሰው?» እለዋለሁ። ሦስተኛውን ምዕራፍ አንብቦ ሲጨርስ፣ «ከእኛ ሊቃውንት ይልቅ አንቺ አሳምረሽ ተከራከርሽልን፤ ምነው ታዲያ መጨረሻው ላይ ከዳሽን?» አለኝ።

ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ግን አልቀለደም። እርስዎ ካነበቡት ዓረፍተ ነገር ጎን በእርሳስ «ይህ አንቺን አይመስልም» ብሎ ጻፈ። ፊደሉን ሁሉ እሱ እንዳረመው አረምኩ፤ ይህችን ብቻ ተውኳት። ለምን እንደተውኳት ያውቃሉ? ያለዚያች ዓረፍተ ነገር ጥናቱ ለእርስዎ የላላ መስሎ እንዳይታይ ፈርቼ ነው። ስለ አንድ መጽሐፍ ሠላሳ ገጽ ከጻፍኩ በኋላ፣ እርስዎ «ጎበዝ» እንዲሉኝ ብዬ ስለ ሰው አንድ መስመር ጨመርኩ። እርስዎም ከሁሉ መርጠው ያቺኑ አገኟት። ስለ መጽሐፉ የጻፍኩት በሙሉ አስከሬን ላይ ቢነበብ ማንንም ከመቃብር አይከለክልም ነበር፤ ያቺ አንዲት መስመር ግን በቃች።

የመጨረሻው ቅዳሜ ስነሣ፣ «ስለ ፈረሱ ሁነኛ መልስ አግኝቻለሁ፤ ዛሬ ደክሞኛል፣ የሳምንት ሰው ይበለንና እነግርሻለሁ» አለኝ። ሳምንቱ ሳይሞላ ዐረፈ። መልሱ ምን እንደነበር አላውቅም። ምንም ቢሆን አያሳምነኝም ነበር፤ ብቻ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር።

አራተኛ፣ ታሪካችንን ስላስታወሱን አመሰግናለሁ። በየዓመቱ በአጥቢያችን የምሥረታ በዓል፣ በደርግ ዘመን የወንጌል አማኝ መቀበሪያ አጥቶ እንደነበር፣ አያቴ አግማስ ሲሞቱ «ሃይማኖቱን የለወጠ እኛ ጋ አይቀበርም» ተብለው አስከሬናቸው ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ሲዞር እንደዋለ፣ በመጨረሻም ሐርቡ አንድ ሙስሊም ገበሬ ከእርሻው ዳር ቆርሶ እንዳስቀበራቸው እንባ እየተናነቀዎት ይተርኩልናል። ባለፈው በዓል ላይማ ከእርስዎ ጋር አብሬ አልቅሻለሁ። የካቲት አሥራ ሁለት የአሮንን ሣጥን በአይሱዙ ጭነን ከደሴ ቁልቁል ስንወርድ፣ ታሪኩን በቃል ብቻ ሳይሆን በተግባር እንድናውቀው መፍቀድዎን ተረዳሁ። እንዲህ ያለ መምህር ከየት ይገኛል?

ሐርቡ ስንደርስ፣ ወሬው በስልክ ቀድሞን ኖሮ፣ የዚያ ገበሬ ልጅ ጋሽ በሺር መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። ምን እንደተባልን እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው እያሰብኩ ከመኪናው ስወርድ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ሁሉንም ሰምተናል። ጉድጓዱ ከአያቱ ጎን ተቆፍሯል፤ ውሃ ጠጡና እንሂድ» አሉኝ። ስለ ወርቅ ሰሌዳ አልጠየቁም። ባለቤታቸው እትዬ ሐዋ ሣጥኑ ሲወርድ ሁላችን ዝም ማለታችንን አይተው ወደ እናቴ ጠጋ አሉና፣ «እናንተ ስትቀብሩ ትዘምሩ አልነበር? ዘምሩ እንጂ፣ እኛ አንቸኩልም» አሏት። መዘምራኑ ደሴ ቀርተዋል። እናቴ ብቻዋን ጀመረች፤ ሁለተኛው አዝማች ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ እኔም ላነሣላት አልቻልኩም።

በማግሥቱ ጉባኤው ለእናቴ ደብዳቤ ላከ፤ የእሷ የመቃብር ቦታ እንደተጠበቀ መሆኑን የሚያረጋግጥ፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ። ስለ ፍጥነታችሁ ሳላመሰግን አላልፍም። እናቴ አስነበበችኝና «ታዲያ ይሄ ከልጄ ስንት ሰዓት መንገድ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

አምስተኛ ብዬ የምቆጥረው ምስጋና አልቀረኝም። የቀረው ጉዳይ አንድ ነው። የሽማግሌዎች ጉባኤ የእኔን ጥናት የመቃብር መመሪያችሁ አባሪ እንዲሆን እንደወሰነ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብቤያለሁ። ይህ ማለት ነገ ሌላ እናት ልጇን ይዛ በዚያ ግቢ ስትቆም፣ የእኔው ዓረፍተ ነገር እንደገና ይነበባል ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ፣ ሁሉም እንዲያውቀው፣ ሠላሳ አንደኛውን ገጽ ስቤያለሁ። የተቀረውን አልሳብኩም፤ መጽሐፉ እውነተኛ ነው የሚል ካለ ዛሬም እከራከረዋለሁ፣ የሚሟገቱለትንም ምሁራን እንደ እኩያ ተከራካሪዎች አከብራቸዋለሁ። ጥራዙን ግን ከመመሪያችሁ አውጡት፤ ካላወጣችሁት ስሜን ከሽፋኑ ፍቃችሁ የራሳችሁን ጻፉበት። ከአሥራ ዘጠኝ ገጽ ወደ ሠላሳ አንድ የዘለለው የእናንተ እጅ ስለሆነ፣ ከእኔ ይልቅ የእናንተ ሥራ ነው ቢባል ማንም አይቃወምም።

የአጥቢያው በር ሰፍቶ፣ የመካነ መቃብሩ አጥር ደግሞ በትጋትዎ ከፍ ብሎ፣ ያለ ሻካራ ድምፅ ረጅም ዘመን እንዲያገለግሉ እየተመኘሁ፣ በሐርቡ የአግማስ የልጅ ልጅ፣ በቦሩ ሜዳ የአሮን ተከራካሪ፣ በደሴ ደግሞ ለጊዜው አሁንም የእናንተ አባል የሆንኩት፣

ሔርሜላ ካሳዬ
ኮምቦልቻ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ የጽሕፈት ቤታችሁ ጸሐፊ እህት ጽናት ደውላ፣ ጥናቴ ስለተወደደ ለመጪው የወጣቶች ኮንፈረንስ ስለ ሌላ የእምነት ቡድን ተመሳሳይ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ እርስዎ መጠየቅዎን ነገረችኝ። ቡድኑን የተቀላቀሉ የሦስት ቤተሰቦች ስምም በእጃችሁ እንዳለ ጨመረችልኝ። መልሴ ይኸው፦ ስለ መጽሐፍ ለመከራከር የሚፈልግ ሁሉ ቤቴ ይምጣ፣ በሩ ክፍት ነው። ለሞተ ሰው መሬት ለመንፈግ ግን ከእንግዲህ አንዲት መስመር አልጽፍም። የካቲት አሥራ ሁለት ቀን እርስዎ በስሜ ሲያነቡ ዝም ብዬ ቆሜ ሰምቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያንን አልቀበልም፤ ማንም በማንም አስከሬን ላይ ስሜን ሲጠራ ካገኘሁ፣ ከመዘምራኑ ፊት ወጥቼ ወረቀቱን ከእጁ እቀበላለሁ።