ክሪኩ ቦታው ተመልሷል

ወንድምዓለም፣

የመኪናዋ ቁልፍ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ዳገት ላይ ሞተሩ ከጋለ ጥግ ይዘህ አጥፋት፤ እስክትበርድ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካ። ችኩል ነህ፣ አውቅሃለሁ።

ጎማ ከተነፈሰ የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ ሌላው ጎማ ሥር ድንጋይ ወትፍ። ብሎኖቹን ከማንሳትህ በፊት አላላቸው፤ ዝገዋል፣ መፍቻውን በእግርህ ካልረገጥከው አይፈቱልህም። ከዚያ በክሪኩ አንሳት።

ክሪኩ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው።

ያን ቀን አልነበረም። እማዬን ሐኪም ቤት ልታደርስ ስትበር ጎማው ሲተነፍስብህ፣ እሷ ከኋላ እያቃሰተች አላፊ አግዳሚውን "ክሪክ አበድሩኝ" እያልክ ስትለምን፣ ክሪኩ እዚሁ ቤት ነበር። የአልጋዋ እግር ሲሰበር አውጥቼ የደገፍኩበት እኔ ነኝ። ልነግርህ ብዬ ረሳሁ።

ዘመድ አዝማድ "መኪናውን ሳያይ ወጥቶ እናቱን ገደለ" ሲልህ ታላቅህ ሆኜ አፌን ዘጋሁ። "ሌባ ወስዶት ነው" ብለህ ስትምልም፣ ካላመኑህ ጋር ቆምኩ።

ዓይንህን ማየት አቃተኝ። አትፈልገኝ።

እማዬ ክፍል ስትገባ አልጋዋን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ታገኘዋለህ። ክሪኩን ከሥሩ ያወጣሁት ዛሬ ጠዋት ነው።

እህትህ