የአርባ ሰው ጥፍር

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት።

ሥራ ፈት ነው ትበለኝ እማ። ትበል። እስቲ መካነ ሰላም ውስጥ ቤቱን ሁሉ ከነውሻው ስም የሚያውቅ ከኔ ሌላ ማን አለ? ንገረኝ አንተ ደብተር። ለጥናት ከደሴ የመጣችው ዶ/ሯም ያየችው ይሄንን ነው። ከአምስት ጎረምሳ እኔን መረጠች። ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት ስላት ግድ የለም አለች።

ሥራው እንዲህ ነው። ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን አለ። ከአፈር ወደ ስንዴው፣ ከስንዴው ወደ ሰው ይገባል። አፈሩ ካነሰው ሰውም ያንሰዋል። ለጤና ጥቂት ይበቃል፣ ሲበዛም ይጎዳል አለች። ማነስ መብዛቱን ጥፍር ላይ ታየዋለች። ስለዚህ የአርባ ሰው ጥፍር አምጣ፣ እያንዳንዱን በየፖስታው። ካመጣሁ እስከ ከላላ ወረዳ ድረስ አብሬያት እዞራለሁ፣ የዓመት ሥራ። ካላመጣሁ ፓስፖርቴ ወጥቷል፣ እህቴ ከሪያድ ና እያለች ነው። መሄድ አልፈልግም። ይሄን ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ለጎረምሶቹማ በጥር እበራለሁ ብያለሁ።

አርባ ጥፍር ምን አላት? የሁለት ቀን ሥራ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11።

ዜሮ ጥፍር።

ጥፋቱ የስሙ ነው። ሴሊኒየም አፌ ላይ አልዞር አለ፣ አሳጠርኩት። ገበያ መሀል ቆሜ፣ ወገን፣ ሰሌን አንሷችኋል፣ ዶክተር ልትለካችሁ መጥታለች አልኩ። ሰው ወደኋላ ሸሸ። ለካ እነሱ የመጣባቸው ሬሳ የሚጠቀለልበት ሰሌን ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘነብ የሽንኩርት ዘንቢላቸውን አንስተው "ቁመቴን አውቀዋለሁ ልጄ፣ መጀመሪያ ራስህን አስለካ" ብለውኝ ሄዱ። አሁን ጎረምሶቹ ስም አወጡልኝ። ሰሌኑ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13።

ቤት ለቤት ዞሬ አስረዳሁ። ገባቸው። ጥፍሩ ላይ ግን ቆሙ። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ እንድሪስ፣ ጥፍር ይቀበራል እንጂ ለባዳ አይሰጥም፣ መተት ቢሠራበትስ አሉ። እትዬ ዘነብም ማተባቸውን ይዘው፣ እውነታቸውን ነው አሉ። እዚህ ላይ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ነው።

እኔ ግን ጭንቅላት አለኝ። ፖስታውን ተውኩት። አንድ ፌስታል ዘረጋሁ። ሁላችሁም እዚህ ጨምሩ፣ እኔ አደባልቀዋለሁ፣ ሰይጣን ራሱ የማንን ከማን አይለይም አልኳቸው። ጋሽ እንድሪስ ሳቁና ምላጭ አስመጡ። አርባ ሦስት ሰው! አርባ ተባልኩ፣ አርባ ሦስት። እንዲህ ላለ ጭንቅላት ሰባተኛ ክፍል ምን ይጨምርለታል?

ሰኞ፣ ኅዳር 15።

ፌስታሉን ሰጠኋት። ከፍታ አየች። ፖስታዎቹስ አለች። የጋሽ እንድሪስ የቱ ነው አለች። ብልሃቱ እኮ እሱ ነው፣ አይታወቅም አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። ግንባሯን ይዛ ቁጭ አለች። ከዚያ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ነገረችኝ። የተደባለቀ ጥፍር አፍ የለውም። ማን እንዳነሰው ካላወቀች ማንን ትርዳ? ሳቄን ዋጥኩት።

ጥፍሩ እንደገና እስኪያድግ ወር ይፈጃል። እሷ ደሴ ሄደች። ሰው እንደገና ከፈቀደ መልእክት ላክልኝ፣ አሁን ግን እኔ ፊት ነው የሚቆረጠው አለች። ፖስታው ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር እዚሁ፣ የሚያምኑት ሰው ጋ ይቀመጥ አለች።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8።

ሃያ ሦስት ቀን ጥፍር ጠባቂ። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ጋሽ እንድሪስ ደጃፍ ነኝ፣ ለሶላት ጥፍራቸውን እንዳይቆርጡ ምላጭ ስቀማ። እትዬ ዘነብ ሊጥ ባቦኩ ቁጥር፣ ጥፍራቸው ሥር እየገባ፣ ይረግሙኛል።

ዛሬ ሰፈርተኞቹ ተሰብስበው አናገሩኝ። ጥፍሩን እንሰጣለን፣ ዝርዝሩስ ማን ጋ ነው? እኔ ጋ አልኩ። ጋሽ እንድሪስ፣ አንተማ በጥር ትበራለህ፣ ስማችንን ይዘህ ሪያድ ልትገባ ነው ወይ አሉኝ። አፌ ያመጣብኝ። እጃቸውን ዘረጉ።

"ጥፍራችን እሷ ጋ፣ ስማችን አንተ ጋ፣ ፓስፖርትህ እኔ ጋ።"

ጎረምሶቹ እያዩኝ ነው። ሮጬ አምጥቼ ሰጠኋቸው። የተናደድኩ መሰልኩ። እማ እልል ልትል ነበር፣ አፏን በነጠላ ያዘች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9። ጠዋት 1 ሰዓት።

ለዶ/ሯ ትናንት ሦስት መልእክት ላክሁ። ዝም። አራተኛውን እዚህ ጽፌ ነው የምገለብጠው፦

ዶክተር፣ ሰሌኑ ነኝ። ጥፍሩ ደርሷል። ፓስፖርቴ ታስሯል። ጋሽ እንድሪስ ነገ ለጁምዓ እቆርጣለሁ ብለዋል፣ እሳቸው ከቆረጡ አገሩ ይቆርጣል። ይመጣሉ ወይስ አይመጡም? አሁኑኑ ይመልሱ።